እትዬ ሰሌዳ እና ያቺ ብጣሽ ወረቀት

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት እትዬ ሰሌዳ በሚል ስም ነው። ስሙ የወጣላት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ፣ ከበሩ በስተቀኝ በተሰቀለው ሰሌዳ ምክንያት ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት አንዲት ወረቀት ትለጥፍበታለች። በወረቀቷ የላይኛው ግማሽ የሳምንቱ ሦስት መጻሕፍትና ቅዳሜ ከሰዓት በፊልም ክፍሉ የሚታየው ፊልም ይጠቆማሉ። በታችኛው ግማሽ የሰፈሩ ወሬ አለ፤ የጠፋ ቁልፍ፣ የሚከራይ ክፍል፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን፣ የልብስ ስፌት ትምህርት ምዝገባ፣ ደም የሚፈልግ በሽተኛ። ቅጂው ለዳቦ ቤቱ፣ ለመድኃኒት ቤቱና ለፀጉር ቤቱም ይታደላል። ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች።

መጽሐፍ ስትጠቁም አጥር ላይ ተደግፋ እንደምታወራ ጎረቤት ነበር። «ይህን መጽሐፍ አማት ያላት ሁሉ ታንብበው፤ አማቷ ግን እንዳታየው» ብላ የጻፈች ጊዜ መጽሐፉ አራት ወር ሙሉ መደርደሪያው ላይ አልዋለም። «የቅዳሜው ፊልም ረጅም ነው፤ ትራስ ይዞ መምጣት ይቻላል፤ ማንኮራፋት ግን ክልክል ነው» ብላም ታውቃለች። እኔ ከአንባቢዎቿ አንዷ ነበርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን የነገረችኝ ልጇ ናት።

ነገሩ የጀመረው በግራ ትከሻዋ ነው። በር ስታልፍ መቃኑ ይመታት ጀመር። ቆዳዋ ጠቁሮ ልጇ ስትጠይቃት «የመጽሐፍ ጋሪ ገጭቶኝ ነው» ትላለች። ቀጥሎ በስተግራዋ ያስቀመጠችው የሻይ ብርጭቆ ይጠፋባት ጀመር፤ ትፈልገዋለች፣ ታጣዋለች፣ በመጨረሻ በክንዷ ትደፋዋለች። መነጽር ልትቀይር ዓይን ሐኪም ቤት ሄደች።

ሐኪሙ አገጯን መሣሪያው ላይ አስደግፎ ረጅም ጊዜ አያት። መብራቱን አጠፋ፣ አበራ፣ ደግሞ አጠፋ።

«የዓይንዎ ግፊት ከፍተኛ ነው። የዓይንዎን ነርቭ ጎድቶታል» አላት። «የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን፤ ግን ዘግይተው ነው የመጡት።»

«እኔ እኮ አያለሁ ዶክተር። ጥቁር ነገር የለብኝም።»

«ችግሩ እሱ ነው። የማያዩበት ቦታ ጥቁር ሆኖ አይታይም። ጭራሽ የሌለ ነው የሚመስለው። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቤተ መጻሕፍት።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከተናገረው ሁሉ ይልቅ እስክሪብቶውን ማስቀመጡ እንዳስፈራት በኋላ ለልጇ ነግራታለች።

ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ልጇ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ሁለት ዓመት ቀርቷት ነበር፤ ብትሰማ ትምህርቱን ጥላ ሥራ እንደምትፈልግ እናት ታውቃለች። ጠብታውን «የአለርጂ ነው» አለቻት። የምትፈራው እንጀራዋን ብቻም አልነበረም። ከመጻሕፍት ውጭ ሰው ፊት ምን ይዛ እንደምትቆም አታውቅም ነበር። ልጅ ሆና ቤታቸው ውስጥ ከነበሩት ሰባት እኅትና ወንድም መሃል የእሷ ቦታ መስኮቱ ሥር፣ መጽሐፏ ጋ ነበር። ያን ቦታ የለቀቀችበት ቀን የለም።

ስለዚህ ብልሃት ፈለገች። አንገቷን ወደ ግራ ጠምዝዛ ማንበብ ለመደች፤ ሰዎች አንገቷን ብርድ የመታት መሰላቸው። ኮምፒዩተሩ ላይ ፊደሉን የቡጢ ያህል አሳድጋ ጽፋ ስትጨርስ ታሳንሰዋለች። አዳዲስ መጻሕፍት ሲመጡ ግን አቃታት፤ አንድ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት ጀመር። ይሄኔ መጽሐፍ የሚመልሱትን አንባቢዎች ማነጋገር ጀመረች። «እንዴት አገኘሽው? የቱ ጋ ደከመሽ? የቱ ጋ አለቀስሽ?» ትላለች፤ የነገሯትን አሳምራ ትጽፈዋለች።

ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ መምህሩ ይመጡ ነበር። አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የሚቆልፉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው።

«መምህር፣ ድምፅዎ ደስ ይለኛል። እስቲ የዚችን መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ያሰሙኝ» ትላቸዋለች።

እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ክፍል ውስጥ እንዳሉ ቆመው ያነቡላታል። አንዳንዴ አሥር ገጽ ድረስ ይሄዳሉ። «ይሄ ደራሲ መደመር አይችልም፤ ሰውየው በሠላሳ አግብቶ በሠላሳ አምስቱ የአሥር ዓመት ልጅ አለው» ብለው ያስቋታል። ለምን እንደምታስነብባቸው አንድ ቀንም አልጠየቁም። የምትጠቁማቸው መጻሕፍት በዚያ ዓመት ከምንጊዜውም የተሻሉ ነበሩ፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም።

በዚያው ዓመት የሰፈሩ ዋና የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። የተቆፈረው መንገድ አንድ ወር ሙሉ አልተከደነም። ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ አፍልቶ መጠጣት ግድ ሆነ። ማንቆርቆሪያ ከምድጃ አይወርድም ነበር። ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ወረቀቷን የሚያነበው ከመጽሐፉ ይልቅ የቧንቧውን ወሬ ሽቶ ሆነ።

አንድ ሰኞ ማለዳ ከውሃ ቢሮው የመጣች ሴት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። ዘበኛው በሰፈሩ ኮማንደር ይባላል። ፖሊስም ወታደርም ሆኖ አያውቅም፤ ስሙ የወጣለት በሩ ላይ ሲቆም ደረቱን ስለሚነፋ ነው። ብጣሿን አምጥቶ በእጇ አስቀመጠላት።

«እቴ፣ የውሃ ጉዳይ ነው። ዛሬውኑ ይውጣ ብለዋል።»

«ምን ይላል ጋሼ?»

«እኔ እንጃ፤ ለአንቺ ነው ያሉኝ» አለና፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወንበር እንዲያወርድ ስለጠራው ሄደ።

ሌላ ጊዜ «መነጽሬን ረስቼ ነው» ብላ የሚያነብላት ሰው ትፈልግ ነበር። ያን ጠዋት ግን ቤተ መጻሕፍቱ ገና አልተከፈተም፤ ሰማዩ ደመና ነው፤ ጽሑፉ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀለሙም የፈዘዘ። ፎቶ ኮፒው ሞቆ እየጠበቃት ነበር። ብጣሿን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አነበበች። የቧንቧው ጥገና ማለቁን፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ እንደሚለቀቅ አነበበች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በሁለት መስመር ተከፍሏል። በላይኛው መስመር ጫፍ «ውሃው ሳይፈላ»፤ በታችኛው መጀመሪያ ያገኘችው ደግሞ «ይጠጣ»።

ደስ አላት። ወር ሙሉ መጥፎ ወሬ ስትለጥፍ ከርማለች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የምሥራች! የቧንቧችን ጥገና አልቋል። ከነገ ጀምሮ ውሃ ይለቀቃል፤ ሳይፈላም ይጠጣል። ማንቆርቆሪያዎቻችሁ ይረፉ፤ ብዙ ደክመዋል።»

ዳቦ ቤት ቆሜ አንብቤው ስቄያለሁ። በማግስቱ ከቧንቧው ቀድቼ ጠጥቻለሁ፤ ለእናቴም ሰጥቻታለሁ።

ሐሙስ ዕለት የመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ እስከ መንገዱ ደረሰ። ልጆች ያስመልሳሉ፤ አዋቂው ሆዱን ይዞ ያጎነብሳል። ከልጅነታችን ያሳደገችን የጎረቤታችን መንታ የልጅ ልጆች ክሊኒክ ተኙ። የእናቴን አልናገርም፤ ተሽሏታል። መምህሩ ግን ሁለት ቀን ማንም ሳያውቅላቸው ከሚስታቸው ጋር ቤት ውስጥ ሲሰቃዩ ቆይተው ዓርብ ጠዋት በቃሬዛ ወጡ። ኩላሊታቸው ከዚያ በፊትም ደካማ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የውሃ ቢሮው ሰው የሰኞውን ወረቀት ይዞ ኃላፊው ቢሮ ገባ። ኃላፊው እትዬ ሰሌዳንና ኮማንደርን አስጠራ።

«እኛ የላክነው እንዲህ አይልም» አለ ሰውየው። «ቧንቧው እስኪታጠብ ሳምንት ይፈጃል፤ እያፈሉ እንዲጠጡ ነው የጻፍነው።»

ኃላፊው ወጣት ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። «መልእክቱን ማን ተቀበለ?»

«እኔ ነኝ፤ ለእሷ በእጇ ሰጥቻለሁ» አለ ኮማንደር።

«ወረቀቱ የታለ?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የተሳሳተችው እሷ ትሁን እነሱ ገና አላወቀችም።

«አላስታውስም» አለች።

ኮማንደር መልእክት በቃል ማድረስ ይወዳል፤ ሲያደርስም አንዳንድ ነገር ይጥላል። አንድ ጊዜ ለኃላፊው «ሚስትህ ደውላ ነበር፤ ወልዳለች» ብሎት ሰውየው እየሮጠ ቤቱ ሲደርስ የወለደችው የሚስቱ እኅት ሆና ተገኝታለች። ያን ቀን ሁሉም ስቆ ነበር። አሁን ግን ያው ታሪክ ማስረጃ ሆነበት። ኃላፊው ውሃው እንዲፈላ ለሰፈሩ አስነገረ፤ ነገሩ እስኪጣራም ኮማንደር ቤቱ እንዲቆይ ወሰነ። ሰሌዳ ይህ ሲወሰን ቆማ ሰማች።

ኮማንደር በሩ ላይ ጠበቃት።

«እቴ፣ በእጅሽ ሰጥቼሽ የለም እንዴ?»

«ሰጥተውኛል ጋሼ።»

«ታዲያ ምነው ይህን አላልሽም?»

ቁልፎቹን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ የሚቀመጥባትን ትራስ በብብቱ ሸጉጦ ሄደ። የደረጃውን የመጨረሻ እርከን ሲወርድ አላየችውም፤ እግሩ መሬት ሲረግጥ ብቻ ሰማችው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ብጣሿን አውጥታ ልጇ ፊት አኖረቻት።

«ይሄን አንብቢልኝ።»

«መነጽርሽስ?»

«አንብቢልኝ አልኩሽ።»

ልጅ አነበበች። «... ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃ ይለቀቃል። ውሃው ሳይፈላ አይጠጣ።»

«ድገሚው።»

«ውሃው ሳይፈላ አይጠጣ።»

«የመጨረሻውን መስመር ብቻ። ከመጀመሪያው ፊደል።»

«አ» አለች ልጅ። «አይጠጣ። እማዬ፣ እዚህ ጋ እኮ ነው፤ አጉልቶ ነው የጻፈው።» ጣቷን ፊደሏ ላይ አሳረፈች። እናቷ አንገቷን አዞረች፣ መለሰች፣ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ጎተተችው። ያኔ «አ» ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ብቅ አለች።

ልጅ እጇን ቀስ አድርጋ ከእናቷ ግራ ጆሮ አጠገብ አነሳችና ጣቶቿን አወዛወዘች። የእናቷ ዓይን አልተርገበገበም።

«እማዬ፣ እጄን አየሽው?»

«የትኛውን እጅ?»

ልጅቷ ትምህርት ቤት የተማረችው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት። የአለርጂ የተባለውን ጠብታ ከመሳቢያ አውጥታ ስሙን አነበበችና ጠርሙሱን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ዓመት ከአራት ወር።»

«ዓመት ከአራት ወር ዋሸሽኝ።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ነርስ ልሆን ነው እማዬ! እኔ እኮ ሌት ተቀን የምማረው ይሄንን ነው!»

ሰሌዳ ልጇን አልሰማቻትም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ «መምህሩ፣ መንቶቹ፣ ኮማንደር» እያለች ትቆጥራለች፤ ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ከዚያ ብጣሿን አንስታ ልትቀድዳት ሞከረች፤ ልጇ እጇን ያዘቻት።

«ከተናገርኩ ከሥራ ያስወጡኛል።»

«አዎ፤ ያስወጡሻል።»

«ካላነበብኩ ምን እሠራለሁ?»

እሑድን ሙሉ ሰሌዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ውሃ ሲሰጧት አልጠጣችም። ልጇ ደጋግማ እየገባች ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር፤ «እንዲያ የፈራሁበት ቀን የለም» ብላኛለች።

ሰኞ ጠዋት ተነሥታ ለበሰች። መጀመሪያ የሄደችው ኮማንደር ቤት ነው፤ ልጇ ክንዷን ይዛ መራቻት። ኮማንደር በሩን ከፍቶ «ግቡ» አላላቸውም። ደጅ እንደቆመች ነገረችው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይኔ አያይም። ወረቀቷ ቦርሳዬ ውስጥ እያለች ነው አላስታውስም ያልኩት።»

«ዓይንሽ አያይም» አለ። «አፍሽስ?»

ከዚያ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ብጣሿን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሁሉንም ከበሩ መቃን ጀምራ ተናገረች። ኃላፊው አላቋረጣትም።

«ለምን አልነገሩንም?» አላት ስትጨርስ።

«ብነግራችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

ኃላፊው የተናገረው ስለ ስንብት ደብዳቤና ስለ ሐኪም ማስረጃ ነው፤ እሷም ያንን ጠብቃ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ የዚያን ሳምንት ወረቀት እንድታወጣ። ፈቀደላት። እሷ ተናገረች፣ ልጇ ተየበች። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ይህ ነበር፦

«ባለፈው ሰኞ ስለ ውሃ የጻፍኩት ስሕተት ነው። የተላከው መልእክት ‹ሳይፈላ አይጠጣ› ይላል። እኔ ዓይኔ ታሞ ‹ይጠጣ› ብዬ አነበብኩት። መታመሜን እያወቅሁ ደብቄአለሁ። ዘበኛችን ምንም አላጠፋም፤ ሲወነጀል ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ውሃውን እስከ ዓርብ አፍሉ። ልጆቻችሁንና ሽማግሌዎቻችሁን ስላሳመምኩ ይቅርታ እለምናለሁ። በዚህ ሳምንት የምጠቁመው መጽሐፍ የለም።»

የመንቶቹ አያት ወረቀቱን ሰው ፊት ከሰሌዳው ላይ ገንጥላ ቀዳደደችው። ማንም አልተቆጣትም። የእትዬ ሰሌዳ ልጅ ሌላ ቅጂ ለጠፈች። ፀጉር ቤት ውስጥ «ምስኪን» ያለም ነበር፤ «ምስኪንስ ልጆቹ» ብሎ የመለሰለትም ነበር። እኔ የቱን እንዳልኩ ባልናገር ይሻለኛል።

ኮማንደር ወደ በሩ ተመለሰ። ሰሌዳ በዚያው ወር መጨረሻ ከሥራ ወጣች። ዕቃዋን ልትወስድ በመጣች ቀን ካርቶኗን ታክሲ ድረስ ተሸክሞላታል፤ ግን «እቴ» አላላትም፤ «እመቤት» ነው ያላት።

መምህሩ ሆስፒታል ሃያ ሦስት ቀን ተኝተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ኩላሊታቸው ግን አልተመለሰም። በሳምንት ሁለት ቀን ለደም እጥበት በመኪና ይወስዷቸዋል፤ በሌላው ቀን አልጋ ላይ ናቸው። ሰሌዳ መጀመሪያ የሄደች ዕለት ሚስታቸው በሩን ገርበብ አድርገው «ተኝቷል» አሏት፤ ከውስጥ ግን የመምህሩ ሳል ይሰማ ነበር። በሁለተኛው አስገቧት። የአልጋውን ጠርዝ በእጇ ዳብሳ አገኘች።

«መምህር፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ» አሉ። ክፍል ውስጥ ይጮኹ የነበሩት ሰውዬ ድምፃቸው ሟሽሾ ነበር። «ዓመት ሙሉ ያነበብኩልሽ ስለማታዪ ነው?»

«አዎ መምህር።»

«እኔ ደግሞ ድምፄን ወደሽው መስሎኝ።»

«ወድጄውም ነው።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ ያቺን ብጣሽ አነብልሽ ነበር። እዚያው ሰፈር ነኝ፤ ሰኞ ማለዳ ብትጠሪኝ እመጣ ነበር። ለአንዲት ፊደል እመጣ ነበር።» ትንፋሽ አጠራቸው። «እንግዲህ ሂጂ።»

ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልጇ ስታገኛት ሁለት እጇን ዓይኗ ላይ ተጭና፣ ዓይኖቿን ልታወጣቸው የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት ከቤት አልወጣችም። የቀኝ ዓይኗም እይታ እየጠበበ መጣ፤ አሁን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ የሚያዩትን ያህል ነው። ሬዲዮ ሲከፍቱላት ታጠፋለች። አንባቢዎቿ ሊጠይቋት ሄደው የሚጠቁም መጽሐፍ ሲያነሡባት «እኔ እንጃ፣ ሌላ ሰው ጠይቁ» ትላቸዋለች። እኔንም እንዲሁ ብላኛለች።

ሦስተኛ ጊዜ ወደ መምህሩ ቤት የሄደችው ማንም ሳይነግራት ነው። አንድ ረቡዕ ልጇን «ውሰጂኝ» አለቻት። ሚስታቸው ወንበር ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡላት። መምህሩ አላናገሯት፤ እሷም አልተናገረች። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ረቡዕም ሄደች። በሚቀጥለውም። ይቅር አላሏትም፤ ሂጂ ያሏትም ያን አንድ ቀን ብቻ ነው። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ አንዳንዴ ሲያማቸው ይቃትታሉ፤ እሷም ብርድ ልብሱን በእጇ ፈልጋ ወደ ላይ ትስባለች።

ልጇ ልትወስዳት ስትመጣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃታለች።

«ዛሬስ አናገሩሽ?»

«አላናገሩኝም» ትላለች ሰሌዳ፤ ክንዷን ዘርግታ እስክትያዝ ትጠብቃለች።